አልወደቅሁም፣ ጋደም ብዬ ነው

በዓለም ላይ ከሞተር ብስክሌት ወድቄያለሁ ብሎ ያመነ ሰው የለም። ወድቆ የማያውቅ ሞተረኛም የለም። እነዚህ ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚሄዱ አትጠይቁኝ፤ እኔ ትምህርት ቤት የቆየሁት ፊደል እስክለይ ብቻ ነው። የምነግራችሁ ያየሁትን ነው።

ከደረጃ የወደቀ ሰው ወደቅሁ ይላል፤ እንዲያውም ጠያቂ ሲበዛለት ደረጃውን ያስረዝመዋል። ሞተረኛ ግን ሱሪው ከጉልበቱ ተተርትሮ፣ ክርኑ ተገሽልጦ፣ አንድ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ እያነከሰ በር ላይ ይቆምና «ኧረ ምንም የለም» ይላል። ጠበቅ አድርጋችሁ ከጠየቃችሁት ጥፋቱ የመንገዱ ነው፣ የዝናቡ ነው፣ የዘጋበት ታክሲ ነው። እሱ እዚያ የተገኘው በእንግድነት ነው።

ይህን ዘር ጠንቅቄ ያወቅሁት አንዱ ልጄን ስላገባ ነው።

አማቼ ፍሪጅ ይጠግናል። ፊት ለፊት «አንተ» እለዋለሁ፣ ከወለድኳቸው አይለይም። የሞተሩ ነገር ሲነሳ ግን ለእኔ ክቡርነታቸው ናቸው፤ እንደሳቸው መንገድ ላይ በክብር የሚዘረጋ ሰው አይቼ አላውቅማ። ቀይ ሞተር አላቸው፤ ከኋላዋ የመፍቻና የቱቦ ሳጥን ታዝላለች። ጠዋት ከቤት ሲወጡ መቀመጫዋን በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጓታል። ልጄ ይህን በመስኮት እያየች ሻይዋን ታማስላለች። ስኳሩ ከሟሟ በኋላም ታማስላለች።

መጀመሪያ የተዘረጉ ዕለት ደጃፍ ተቀምጬ ምስር ስለቅም ሞተሯን እየገፉ መጡ። ሸሚዛቸው አለ፤ የግራ እጅጌው የለም።

«ምነው ልጄ፣ ወደቅህ እንዴ?»

«ማ? እኔ? አልወደቅሁም እማማ። ጋደም ብዬ ነው።»

«የት ነው ጋደም ያልከው?»

«አደባባዩ ላይ።»

ነገሩን አሰብኩት። በዚያ ሁሉም ወደየቤቱ በሚጣደፍበት ሰዓት፣ አውቶቡሱ ጡሩምባውን እየነፋ፣ አደባባይ መሃል ጋደም የሚል ሰው ምን ያህል ቢደክመው ነው? ቁስሉን አጠብኩላቸውና ምስሬን ለቀምኩ።

ሌላ ጊዜ የሰፈራችን ባለሱቅ ሱቁን ክፍት ጥሎ እየሮጠ መጣ። «እማማ፣ አማችዎ ጉድጓድ ገባ!» ለቧንቧ ተቆፍሮ የተረሳ ጉድጓድ ነበር። ስደርስ ክቡርነታቸው ገንዳ ውስጥ እንደሚታጠብ ሰው ከአንገት በላይ ብቻ ይታያሉ። ሰዉ ከቦ ወደ ታች ያያል። አንዱ ጭንቅላታቸውን ተመትተው እንደሆነ ለማወቅ «ስምህ ማነው?» ይላቸዋል።

«ሞተሯስ?» አሉ ክቡርነታቸው።

«ስምህን ነው የጠየቅሁህ።»

«በመስተዋቷ በኩል ነው የወደቀችው? በመስተዋቷ በኩል ከሆነ ቀስ ብላችሁ አንሱልኝ፤ አትጎትቷት!»

ባለሱቁ ወደ እኔ ዞሮ «እኔ እጮኛዬ ታማ እንኳ በዚህ ድምፅ አልጠየቅኋትም» አለኝ። ልብ በሉ፤ ክቡርነታቸው አይወድቁም፣ ሞተሯ ግን ትወድቃለች።

አሁን ስለ ልጄ ልንገራችሁ። ልጄ ነርስ ናት፣ የአጥንት ክፍል። እዚያ የሚተኙት ሞተረኞች ምን እንደሚሉ ታውቃለች፤ ቤታቸው ሳይመለሱ የቀሩትንም ታውቃለች። ቤት ስትገባ አታወራም። አንዳንድ ቀን ግን ራቷን ሳትነካ የባሏን ሄልሜት እያየች ትቀመጣለች። ከጉድጓዱ በኋላ ማንኪያዋን አስቀመጠችና ሕግ አወጣች።

«ሁለተኛ ወደቀ ሲባል ከሰማሁ ሞተሯ ትሸጣለች። እማዬ፣ አንቺ ምስክር ነሽ።»

«ጋደም ካልኩስ?» አሉ ክቡርነታቸው።

ልጄ አልሳቀችም። እኔም ከልጄ ጋር ነበርኩ። ትሸጥ፣ ትገላግለን፣ እያልኩ ስንት ቀን ጨቀጨቅሁ።

ጉልበቴ ባይከዳኝ ኖሮ እስከ ዛሬም እጨቀጭቅ ነበር። ታላቅ እህቴ ከከተማው ማዶ ናት፤ አልጋ ላይ ከዋለች ቆየች። እኔና እሷ ልጆች ሳለን የአባታችንን ብስክሌት ሰርቀን አንድ ላይ እንወጣ ነበር። እሷ ትነዳለች፣ እኔ ከኋላ ወገቧን ይዤ እጮሃለሁ። ያቺ ልጅ ናት አሁን ትራስ ተደግፋ በር በር የምታየው። ወደሷ ለመድረስ ታክሲ ላይ መውጣት፣ መውረድ፣ ደግሞ ሌላ ላይ መውጣት ነው፤ ጉልበቴ ከመጀመሪያው ደረጃ ላይ እንቢ አለኝ። እያደር መሄዱን ተውኩት። አንድ ቅዳሜ መስኮት ሥር ተቀምጬ ሳለ ክቡርነታቸው መጥተው ጎኔ ቆሙ።

«እማማ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ላድርስዎት።»

«በምን?»

«በሞተር ነዋ።»

«አንተ ጋደም ስትል እኔ የት ልሁን?»

«እኔ ላይ» አሉኝ። ሳቅን።

ለእኔም ሄልሜት ተገዛ፤ ከሻሼ በላይ አጠልቀዋለሁ። የመፍቻው ሳጥን ጀርባዬን ይደግፈኛል። እኔን ሲጭኑ የሚነዱትን አነዳድ ብታዩ ያው ሰው ናቸው አትሉም። ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ በእግራቸው ቀድመውን ያውቃሉ። ደግሞ መንገዱን ሁሉ ያውጁልኛል። «እማማ፣ ጉብታ!» «እማማ፣ መታጠፊያ!» «እማማ፣ አሁን ንፋስ ይመጣል!» እህቴ የሞተሯን ድምፅ ከሰማች ገና ሳልገባ ትስቃለች። «መጣች ጎረምሳዋ! ነይ እስቲ ጠጋ በይ፣ ውጭ ውጭ ትሸቻለሽ» ትለኛለች። አንገቴ ሥር ገብታ ታሸተኛለች።

ልጄ ቅዳሜ ተረኛ ናት። በታክሲ የምንሄድ ይመስላታል። እኛም በታክሲ አንሄድም አላልናትም።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ መንገዱ ተጨናንቆ መኪናው ሁሉ ቆሟል። እኛ በዳር በዳር ቀስ እያልን ነው። «እማማ፣ ጠባብ ነው፣ እግርዎን ሰብሰብ!» ሲሉ ከቆሙት መኪኖች የአንዷ በር ድንገት ተከፈተ። ከዚያ ሰማይ አየሁ። ከዚያ ለስለስ ያለ ነገር ላይ ተቀምጫለሁ። ዞር ብዬ ሳይ ክቡርነታቸው ናቸው፤ በጀርባቸው አስፋልቱ ላይ፣ እኔን በሁለት እጃቸው ታቅፈው። ሞተሯ ተንሸራታ የጭነት መኪና ሥር ገብታለች።

በሩን የከፈተችው ሴትዮ ራሷን ይዛ ትጮሃለች። ሰው ከበበን። እኔ «ሞተሯስ?» እስኪሉ እየጠበቅሁ ነው።

«እማማ! እማማዬ! ተናገሪ በናትሽ!»

ከእርስዎ ወርዶ አንቺ ብሎኝ አያውቅም። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ደህና ነኝ ልጄ።»

«እግርሽን አንቀሳቅሺ!»

«አንቀሳቀስኩ።»

«ሌላውን!»

«እሱ ሆድህ ላይ ነው። አዎ፣ ይንቀሳቀሳል።»

አንዱ ጎንበስ ብሎ «ወንድም፣ ሞተርህ መኪናው ሥር ናት፤ ጎማው ሳይሄድባት እናውጣት?» አለው።

«የምን ሞተር?» አለ አማቼ። ዓይኑን ከኔ ላይ አላነሳም። እጁ እንደተሰበረ እንኳ ያወቀው እኔን ሊያነሳኝ ሲሞክር ነው።

ሴትዮዋ እያለቀሰች በመኪናዋ ወስዳ ቅርብ ያለው ሆስፒታል አስገባችን። ቅርብ ያለው ልጄ የምትሠራበት ነው። የአማቼ እጅ በጀሶ ሲታሸግ ልጄ ነጭ ጋውኗን ለብሳ በር ላይ ቆመች። እሱን አየች። እኔን አየች። ጭኔ ላይ የተቀመጡትን ሁለት ሄልሜቶች አየች።

«እማዬ።»

«ወዬ።»

«ወደቃችሁ?»

አማቼ አንገቱን ደፋ። «ልክ ነሽ። ትሸጥ። እኔ እማማን ይዤ…» አለ፤ ያን እድሜ ልኩን ያላወጣውን ቃል ሊያወጣው አፉን ከፈተ። አላስቻለኝም።

«ማነው የወደቀው?» አልኩ። «ጋደም ብለን ነው።»

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። «የት?» አለች።

«እሱ አስፋልቱ ላይ። እኔ እሱ ላይ።»

ጠጋ ብላ የኔን ሄልሜት አነሳችና ዙሪያውን በጣቷ ዳበሰችው። አንድ ጭረት የለበትም። መለሰችው። የሱን አነሳች፤ ከኋላ እስከ ጆሮው ድረስ ተሰንጥቋል። ስንጥቁን በአውራ ጣቷ ተከተለችው። የአጥንት ክፍል ነርስ ናት፣ የምታየውን ታውቃለች።

«ይሄ አይሆንም» አለች። «ለሱ አዲስ ይገዛ። ጠንካራ።»

ይሄኔ ነው ክቡርነታቸው አንገታቸውን ቀና ያደረጉት። ጀሶውን አዩ፣ ሚስታቸውን አዩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሞተሯስ?» አሉ።