ጣና ዳር ተቀምጦ ሐይቅ መግዛት

ነገሩ የጀመረው ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ጣና ዳር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ሳለ ነው። ጓደኛዬ ሰብለ ስልኳን ወደ እኔ አዞረችና «ሐይቅ ገዛሁ!» አለችኝ።

ሁለታችንም ስልካችን ላይ ዓሣ የማጥመድ ጌም አብረን እንጫወታለን። ጌሙን ከገዙ በኋላ ተጨማሪ ሐይቅ ለብቻው ይሸጣል። እስቲ ፍረዱ፤ የባሕር ዳር ልጅ ለስልክ ሐይቅ ገንዘብ ታወጣለች?

«አንቺ፣ ጣና ከፊትሽ ተኝቶ?»

«የእኔው ጉማሬ የለበትም!»

እንዲህ ያለ ሰው ነገ ደግሞ ነፋስ ይገዛል ብዬ በሆዴ ሳቅሁ። ከዚያ በስልኬ ወደ ድሮው የጌም ሐይቃችን ገባሁ። የሰብለ ጀልባ የለችም። አዲሱ ሐይቅ ውስጥ ደግሞ ያልገዛ አይገባም። ከሰው ጋር ማውራት ለሚከብደኝ ለእኔ፣ ከጀልባ ወደ ጀልባ እየተጻጻፉ መቀላለድ ትልቅ ነገር ነበር። ትከሻዋ ትከሻዬን እየነካኝ ናፈቀችኝ፤ ይህስ አያስቅም?

እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ እንደተመለስሁ እኔም ሐይቁን ገዛሁ። ስገባ ሰብለ መንጠቆዋን ገና አልጣለችም ነበር።

«አንቺን ስጠብቅ ዓሦቹ ሳቁብኝ፤ ነይ እንጂ!» ብላ ጻፈችልኝ።

ጀልባዬን አጠገቧ አቆምሁ።