እምቢ ማለት ያልፈጠረበት ሰውዬና የሚንቀራፈፈው ገጽ

እምቢ ማለት ያልፈጠረበት አንድ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። በዚህ ሆስፒታል ማዕረጉን የያዙት ከኮምፒውተር ክፍሉ ጥግ የሚቀመጡት ክቡር «ችግር የለም» ነበሩ። የታካሚዎችን መረጃ በስክሪን የሚያሳየውን ገጽ የሠሩት እርሳቸው ናቸው። ፋርማሲስቷ «ወንድሜ፣ አለርጂ ያለበትን በቀይ ብታደርግልኝ?» ስትል «ችግር የለም!» የካርድ ክፍሉ ሰውዬ «ወረፋውንም ጎን ላይ አድርግልኛ» ሲል «ችግር የለም!» ዘበኛው ሳይቀር ክፍት የመኪና ማቆሚያ የሚያሳይ ሳጥን አስጨምሯል። ገጹም የሰፈሩን ዕቃ ሁሉ እንደጫነ ሚኒባስ ዳገት ላይ ቆመ።

የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ነገሩ አንገቷ ላይ ደርሶ ነበር። ጠዋት ጠዋት ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ሰው የታመመ ልጁን ታቅፎ ይሰለፋል፤ ስክሪኑ ላይ ያቺ «ጠብቁ» የምትል ክብ ትዞራለች፣ ትዞራለች።

«አንተ ሰው፣ አንድ ቀን እንኳ አይሆንም ብትል ምናለበት?»

«እሺ፣ ከእንግዲህ እላለሁ» ይላታል። ይኼንንም እሺ አለ ማለት ነው።

በመጨረሻ ትዕግሥቷ አለቀና ወደ ሩቅ ቅርንጫፍ አዛወረችው። ክቡርነታቸው ዕቃቸውን በካርቶን ሰብስበው፣ ሁሉንም ተሰናብተው ሄዱ።

በሳምንቱ ራሷ ኮዱን ከፍታ ተቀመጠች። ገጹ ዳታቤዙን፣ ማለትም የመረጃ ቋቱን፣ የሚጠይቀውን እያንዳንዱን ጥያቄ ለየብቻ ለካች። የፋርማሲው ቀይ ምልክት? ወዲያው ይመለሳል። ወረፋው? እሱም። የዘበኛው ሳጥን እንኳ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ጥፋተኛው አንድ ብቻ ነበር፤ ከተኙት ታካሚዎች መካከል ዛሬ ጠያቂ ዘመድ ያልመጣለትን የሚፈልገው። የጠያቂዎቹ መዝገብ እንደ መጽሐፍ ማውጫ የሚያገለግል የቀን ኢንዴክስ ስላልተሠራለት፣ ዳታቤዙ የዛሬውን ለማግኘት የዓመታቱን ሁሉ ከላይ እስከ ታች ያነባል፤ ያውም ለእያንዳንዱ ታካሚ እንደ አዲስ።

ልትሰርዘው ስትል፣ ለማንኛውም ብላ ታካሚዎች ወደተኙበት ላይኛው ፎቅ ደወለች።

«እህቴ፣ ጠያቂ የሌላቸውን የሚያሳየውን ነገር ታዩታላችሁ?»

«ኧረ እኛ መቼ ጊዜ አለን!» አለች ነርሷ። «ያ የሠራው ሰውዬ ነበር እንጂ የሚያየው። ከሥራ ሲወጣ ማንም ያልመጣለት ሰው ጋ ሄዶ ይቀመጥ ነበር። አልነገረሽም እንዴ?»

አልነገራትም። እሷም ጠይቃው አታውቅም። ኢንዴክሱን ጨመረች፤ አንዲት መስመር ናት። ገጹ ዓይን ተጨፍኖ ሳይገለጥ ተከፈተ። ሰውየውን ከቦታው ሳትነቅል ልትጨርሰው ትችል የነበረ ሥራ መሆኑ አንገበገባት። አሁን ግን በወንበሩ ሌላ ሰው ተመድቧል፤ ሰውየውም በተዛወረበት ቅርንጫፍ ቤት ተከራይቷል አሉ።

ስክሪኑ ላይ ዛሬ ጠያቂ ያልመጣለት አንድ ስም ነበር። ቦርሳዋን አንስታ ደረጃውን ወጣች። የስሙ ባለቤት፣ አንድ ሽማግሌ፣ ከትራሳቸው ቀና አሉ።

«የኔ ልጅ፣ ያ ሰውዬ ዛሬም ቀረ?»

«ቀረ፣ አባቴ» አለች ወንበሩን እየሳበች። «እኔ ነኝ ያስቀረሁት።»