የቤታችን ሊቀ ሰዓታት

ጡረታ ወጥቶ ተማሪ የሆነ ሰው የማያውቅ ቤት የለም። አንዱ ሕክምናን በስልኩ ይማርና ጎረቤቱን ሁሉ በሽተኛ ያደርጋል። የእኔው ባለቤት ደግሞ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ጀመሩ።

ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ ጣቢያ መነሻ ሰዓት ሲጠሩ ኖረዋልና፣ ከትምህርቱ ሁሉ ልባቸውን የወሰደው ስለ ቀንና ሰዓት የሚያወራው ምዕራፍ ነው። ከዚያ ወዲያ እኚህ የቤታችን ሊቀ ሰዓታት ሰላም ነሱን። "ምሳ ደርሷል" ስላቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ "በየትኛው አገር ሰዓት?" ይላሉ። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን፣ "የባለቤትዎን ቀሚስ ነገ ይውሰዱላቸው" ብትል፣ "ነገ ማለት ምን ማለት ነው? ለኮምፒውተር እንዲህ ብትነግሪው ግራ ይገባዋል" ይሏታል።

"ኧረ ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ ቀሚስ አይለብስ!" ትላለች፣ መርፌዋን በጥርሷ እንደያዘች። እኔ ሳቄን ለመደበቅ መሬት መሬት አያለሁ።

ሩቅ አገር የምትኖረው ታላቅ እህቴ፣ እትዬ የምላት፣ ጉሮሮዋን ታመመች። ቀዶ ጥገና እንደሚያስፈልጋት፣ እሱም ድምፅዋን እንደሚወስደው ነገሯት። እስከዚያው እንዳትናገር ሐኪሙ ከልክሏት ስለነበር፣ የቀረን ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ከመግባቷ በፊት እንድናወራ የተፈቀደልን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር።

የግድግዳውን ሰዓት እያየሁ ልጠብቅ ብል፣ "ተይ እባክሽ! የኔ ፕሮግራም ይጠራሻል" አሉ። በእሷ አገርና በእኛ መካከል ያለውን የሰዓት ልዩነት ቁጥር አድርገው ጻፉበት። የዘነጉት አንድ ነገር ነው፤ እዚያ አገር በዓመት አንዴ ሰዓታቸውን ሁሉ አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፉታል፣ በኋላም ይመልሱታል። የገፉት በዚያው ሳምንት ነበር።

ፕሮግራሙ ጮኸ፤ ደወልኩ። ያነሳችው ልጇ ናት።

"አክስቴ፣ ወሰዷት እኮ። ስልኩን ታቅፋ ስትጠብቅሽ ነበር። ልደውልላት ብላት፣ መስመሩ እንዳይያዝባት ብላ በእጇ ከለከለችኝ።"

ሊቀ ሰዓታት ኮምፒውተራቸው ፊት እንደተቀመጡ ቀሩ። ልቆጣ ፈለግሁ፤ አልወጣልኝም። ልትለኝ የነበረውን እትዬ በኋላ ጽፋ ልካልኛለች። ደጋግሜ አነበዋለሁ፤ የራሴ ድምፅ ነው የሚሰማኝ።

ስህተቱን አርመውታል። አሁን እሁድ እሁድ በሰዓቱ እንደውላለን፤ እኔ አወራለሁ፣ እትዬ ስልኩን በጣቷ ኳ ኳ ታደርጋለች። እሳቸው ግን ያን ጥያቄያቸውን ተዉት። "ምሳ ደርሷል" ስል፣ "እሺ" ብቻ። እንዲህ ይናፍቀኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

የግድግዳው ሰዓታችን ደግሞ ከዚያ ወዲህ ልክ አይደለም። እንግዳ ሁሉ ተበላሽቷል ይለናል። እሳቸው ወንበር ላይ ቆመው ሲያዞሩት ስላየኋቸው ግን አላስጠግነውም።

በቀደም ምሳ አድርሼ፣ እንደ ምንም ደፍሬ፣ "ምሳ ደርሷል" አልኳቸው። "እሺ" ብለው ሊነሱ ሲሉ፣ "በየትኛው አገር ሰዓት?" አልኩ።

መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። ከዚያ ቀና ብለው የግድግዳውን ሰዓት ተመለከቱ።

"በእትዬ አገር ሰዓት ከሆነማ ገና ነው" አሉ።

ድስቱን መልሼ ከደንኩና አጠገባቸው ተቀመጥኩ።