ኮፒ ማሽኑ የዋጠው የልደት ወረቀት

በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከኮፒ ማሽን የበለጠ የተከበረ ሥራ ፈት የለም። እኔ አሥር ደቂቃ ባረፍድ ስሜ በቀይ እስክሪብቶ ይሰመርበታል። ማሽኑ ግን በሳምንት ሦስት ቀን ተኝቶ ይውላል፤ እኛም አቧራ እንዳይነካው ጨርቅ እናለብሰዋለን። የእናንተን ቢሮ አላውቅም፤ የእኛ እንዲህ ነው።

ቢሯችን ሐዋሳ መሃል ከተማ ነው። ስሙን አልጠራም፤ እንጀራዬን ገና እፈልገዋለሁ። እኔ የምሠራው ሰነድ ክፍል ነው። ሰው የልደት፣ የጋብቻ፣ የትምህርት ወረቀቱን ይዞ ይመጣል፤ እኔ ኮፒ አነሳለሁ፣ ከዋናው ጋር አመሳክራለሁ፣ ማኅተም አሳርፌ እሸኘዋለሁ። ኮፒውን ውጭ ማንሳት ቢቻል ኖሮ ቀላል ሥራ ነበር። ከበራችን ፊት ለፊት ሦስት ኮፒ ቤቶች ተደርድረዋል፤ አንዳቸውም “ማሽን ተበላሽቷል” ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ኃላፊያችን አቶ መስፍን ግን “ውጭ የተነሳ ኮፒ አይመሳከርም” የሚል ማስታወቂያ በየግድግዳው አስለጥፈዋል። ማስታወቂያው ራሱ የተባዛው እዚያው ፊት ለፊት ነው። ያን ቀን የእኛው ማሽን ታሞ ነበር።

ማሽኑ ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው የሚያወጣው። እውነቱን ለመናገር ጥቁሩ ያመዝንበታል... ገጹን ከላይ እስከ ታች ለሁለት የሚሰነጥቅ ወፍራም መስመር ከራሱ ይጨምራል። አንድ ጊዜ መስመሩ የአንድ መምህር ዲፕሎማ ላይ ባለው ፎቶ መሃል አርፎ፣ ሰውዬው ከፍርግርግ ጀርባ የሚያይ እስረኛ መስሎ ወጣ። ሲብስበት ደግሞ ያስገባንለትን ወረቀት እንደ አኮርዲዮን ያጣጥፈዋል።

ይሄኔ ጠጋኙ ይጠራል። ስሙ ናሆም ነው፤ “ኢንጂነር” ካላሉት ግን ቀና ብሎም አያይ። ማሽኑን ከነካርቶኑ አምጥቶ የገጠመልን እሱ ነው። ይመጣል፣ ጎኑን ይከፍታል፣ በባትሪ አንዴ ያያል፣ እፍ እፍ ይላል፣ ይዘጋል። ከዚያ ፍርዱን ይሰጣል።

“እርጥበት ነው።”

“ከየት የመጣ እርጥበት?” እለዋለሁ።

“ከሐይቁ ነዋ።”

ልብ በሉ፤ ሦስቱ ኮፒ ቤቶች ከእኛ ይልቅ በአንድ አስፋልት ስፋት ለሐይቁ ይቀርባሉ። እነሱን አልፎ እኛን ብቻ የሚያጠቃ እርጥበት መታወቂያ እየጠየቀ ነው የሚገባው ማለት ነው። አቶ መስፍን ግን አምነውታል፤ በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ ሳይቀር “በሐይቁ እርጥበት ምክንያት” ብለው ጽፈዋል። ኢንጂነሩ በዚህ ሳያበቃ “እርጥበት እንዳይገባ የላይኛውን ክዳን አትክፈቱ” ብሎ አዘዘን። ስለዚህ ወረቀት መስታወቱ ላይ ማስተኛት ቀረ፤ ማሽኑ ራሱ ስቦ በሚያስገባበት በኩል ብቻ እናጎርሰው ጀመር።

ባለፈው ሰሞን አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ መጡ። ጋሽ ዳንጊሶ ይባላሉ። ኮታቸው ያረጀ ቢሆንም በሥርዓት ተተኩሷል፤ ከውስጥ ኪሳቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ።

“ልጄ፣ ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሴት ልጄ ምሕረት ጋብቻዋን ታስመዘግባለች። የልደት ወረቀቷን ዋናውንና የተመሳከረ ኮፒ ይዛችሁ ኑ ብለውናል” አሉኝ።

ወረቀቱን ተቀበልኩ። በጣም ስስ ከመሆኑ የተነሳ በወዲያ በኩል ጣቴ ይታየኛል።

“በንሳ ወረዳ ነው የተሰጠው” አሉ። “መዝገቡ አሁን የለም አሉኝ። ያለን ይህ ብቻ ነው።”

ማሽኑ ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ደህና ውሎ ነበር፤ ያሳሳተኝም ይኸው ነው። ወረፋው በሩን አልፏል። ወረቀቱን በተለመደው በኩል ላስገባ ስል ጋሽ ዳንጊሶ ጠጋ አሉ።

“ክዳኑን ከፍተሽ መስታወቱ ላይ ብታስተኚው አይሻልም? ወረቀቱ ደክሟል።”

“አባባ፣ ክዳኑ አይከፈትም። እርጥበት ይገባል” አልኳቸው።

አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኩት። በኢንጂነሩ ስስቅበት የኖርኩትን ቃል፣ በኢንጂነሩ ድምፅ፣ ፊቴን እንኳን ሳላዞር። በዚያች ሰዓት ብታዩኝ ለአቶ መስፍን ያላችሁን ንቀት ግማሹን ለእኔ ትሰጡኝ ነበር።

ማሽኑ ወረቀቱን ሳበ... አጉረመረመ... ግማሹን ዋጠና ቀጥ አለ። ደንግጬ የቀረውን ጫፍ ስጎትት “ጭርር” የሚል የመቀደድ ድምፅ ሰማሁ። ጋሽ ዳንጊሶ በሲዳምኛ አንድ ነገር አሉ። ለማሽኑ ይሁን ለእኔ አልጠየቅኩም።

ናሆም ጋ ደወልኩ።

“ዋና ወረቀት ተቀርቅሮብኛል፤ ለነገ ጠዋት ይፈለጋል” አልኩት።

“እንዳትነኪው። እርጥበት አጣብቆት ነው። ሰኞ እመጣለሁ።”

“ሰኞ ምን ያደርጋል? ነገ ነው የምልህ።”

“እሱ የኔ ችግር አይደለም” ብሎ ዘጋው።

ወደ አቶ መስፍን ቢሮ ሮጥኩ። ቦርሳቸውን ይዘው ወደ ስብሰባ ሊወጡ ነው።

“ባለሙያ ሳይመጣ ማንም እንዳይነካው” አሉ።

“ሽማግሌውን ምን ልበላቸው?”

“ማመልከቻ ያስገቡ።” በሩ ላይ ደርሰው ዞር አሉ። “በሁለት ኮፒ።”

ተመልሼ ስመጣ እንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረውም። ጋሽ ዳንጊሶ ኮታቸውን አውልቀው ወንበር ላይ አድርገው የሸሚዛቸውን እጅጌ ይጠቀልላሉ።

“ኤሌክትሪኩን ንቀይውና ባትሪ ካለሽ አብሪልኝ” አሉኝ።

“አባባ፣ እንዳይነካ ተብሏል...”

“እኔ በገጠር ጤና ጣቢያ ድሬሰር ሆኜ ነው ያረጀሁት። ከሕፃናት አፍንጫ ስንት ባቄላ አውጥቻለሁ። እነሱ ይራገጣሉ። ይሄ ቢያንስ አይራገጥም።”

ሶኬቱን ነቀልኩ። ጸሐፊያችን ሂሩት ከቦርሳዋ የቅንድብ መንቀያዋን አውጥታ ሰጠቻቸው። በስልኬ መብራት አበራሁላቸው። ወረፋ ይጠብቅ የነበረው ሰው ሁሉ ከበበን። ጋሽ ዳንጊሶ ወረቀት የሚገባበትን ሽፋን ከፈቱ፣ በግራ እጃቸው ወረቀት የሚስበውን ተሽከርካሪ ጎማ በዝግታ ወደ ኋላ አዞሩ፣ በቀኛቸው ወረቀቱን በመንቀያው ያዙ። አይጎትቱም፤ ወረቀቱ በራሱ ፈቃድ እስኪመጣ የሚጠብቁ ይመስላሉ። ስንት ደቂቃ እንደፈጀ አላውቅም፤ እጄ ግን ስልኩን እንደያዘ ደንዝዟል።

ወጣ። ጠርዙ ላይ የጥፍር ያህል ተቀዷል፣ ተጨማድዷል፤ ስሟና ማኅተሙ ግን እንዳሉ ናቸው። ከጀርባዬ አንዲት ሴትዮ “ጌታ ይመስገን” አለች።

እሳቸው ግን ገና ጎንበስ እንዳሉ ናቸው።

“እዚህ ውስጥ ሌላ ነገር አለ” አሉ።

በመንቀያው ይዘው አንድ ስንዝር የሚሆን ብርቱካንማ ፕላስተር መዘዙ፤ ግማሹ በጥቁር ዱቄት ተለውሷል። ሂሩት ተቀብላ በእንግሊዝኛ የተጻፈበትን አነበበችልን። “ማሽኑን ከመጠቀም በፊት ይህ ይነሳ” ነው የሚለው። ፋብሪካው መንገድ ላይ ዕቃው እንዳይነቃነቅ ብሎ የለጠፈው ነው። ኢንጂነሩ ሲገጥም ሳያነሳው ቀርቶ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ወረቀት ሲያንቅና መስመር ሲያሰምር የኖረው ይኸው ቁራጭ ነው። እኛ ደግሞ በሪፖርት ሐይቅ ስንከስ...

ሶኬቱን መለስኩ፣ የተከለከለውን ክዳን ከፈትኩና ወረቀቱን መስታወቱ ላይ አስተኛሁት። ጥርት ያለ ኮፒ ወጣ። ማኅተሙን አሳረፍኩበት።

“ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ። ነግረውኝ ነበር” አልኳቸው።

“አንቺ ምን አደረግሽ፤ የታዘዝሽውን ነው” አሉና ኮታቸውን ለበሱ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። በማግስቱ ምሕረትና ባለቤቷ ፈርመው መውጣታቸውን ሊነግሩኝ ብለው ብቻ፣ ጋሽ ዳንጊሶ ረጅም መንገድ በእግራቸው መጡ።

ሰኞ ናሆም መጣ። ፕላስተሩን አቶ መስፍን ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። አገላብጦ አየውና ፊቱን አጨማደደ።

“ይሄ እኮ አብሮት የመጣ ኦሪጅናል ዕቃ ነው። ማነው ያወጣው?”

አቶ መስፍን ወደ እኔ ዞሩ።

ከሰዓት በኋላ ደብዳቤዬ ደረሰ። “ማሽኑን ለማይመለከተው ሰው አስከፍተሽ አብሮት የመጣ ዕቃ እንዲወጣ በማድረግሽ” ይልና፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንደተሰጠኝ ይገልጻል። ግልባጭ ለሰው ሀብት፣ ለፋይናንስ፣ ለግል ማህደር። ኮፒ ማንሳት ሥራዬ ስለሆነ ሦስቱንም ያነሳሁት እኔው ነኝ። ማሽኑ ሳያንቅ፣ ሳያጥፍ፣ ያለ አንዲት መስመር አከታትሎ አወጣቸው። በተለይ ስሜ ቁልጭ ብሎ ይነበባል።