የስድስቱ ቃሪያ ዘመቻ

በዘመነ መቅደስ፣ የቤቱ ገንዘብ ከባሏ ኪስ ወጥቶ በመቀነቷ በነገሠ በሰባተኛው ዓመት፣ ሽንኩርት ኪሎው መቶ ብር በገባበት ወር፣ ሞዓ ዚፕ ዘንፋስ መውጫ፣ ስዩመ መርፌ፣ ልብስ ሰፊው አወቀ፣ የልጁን የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፍ ገልጦ ሁለት እኩልታ ባንድ ላይ ሲፈታ ባየ ጊዜ ልቡ ጸና። ሚስቱ ገበያ ላይ ትታለላለች ብሎ ከጠረጠረ ቆይቷልና፣ ከስፌት መኪናው ሳይነሣ እንዲህ ሲል አወጀ፦

«ስሙኝ! ሽንኩርት ሻጯ ነፊሳ መቅደስን ማታለሏን በሒሳብ ካረጋገጥሁ፣ ከዛሬ ወዲያ ገንዘቡን የምይዝ እኔ ነኝ!»

መቅደስም «ይሁን፤ ካላረጋገጥህ ግን ዘንቢሌን ተሸክመህ ትከተለኛለህ» ብላ አወጀች።

ወረቀት አልነበረም፤ የደንበኛው የሀይደር ያላለቀ ጥቁር ሱሪ ግን ነበረና በጠመኔ ጻፈበት። መቅደስ ሁለት ኪሎ ሽንኩርትና ስድስት ቃሪያ በመቶ ዘጠና ብር፤ ጎረቤቷ የኔነሽ አንድ ኪሎና አንድ ቃሪያ በመቶ ብር። አንዱን በሁለት አባዝቶ፣ ከሌላው ቀንሶ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ ሱሪው ጉልበት ላይ ሲደርስ መልሱ ወጣ፤ እነሆ የአንዲት ቃሪያ ዋጋ ከዜሮ በታች ሁለት ብር ከሃምሳ! ሌላ ሰው ቢሆን ተሳሳትሁ ይል ነበር። እሱ ግን «ለካ ቃሪያዋን ለሚያነሣላት ሰው ከፋይዋ ነፊሳ ናት» ብሎ ዘመተ።

ተከተሉትም፦ ኮቱን ከጾም በፊት ሊያስጠብብ ሰጥቶ እስካሁን የሚጠብቀው ተክሌ፣ አዝራሯ የወለቀባት የኔነሽ፣ የሠርግ ሱሪው ከዓይኑ እንዳይጠፋ እንደ ሰንደቅ የተሸከመው ሀይደር፤ ከኋላም መቅደስ፣ ባዶ ዘንቢል ይዛ።

አወቀም ከነፊሳ መደብ ፊት ቆሞ አወጀ፦ «አንቺ ነፊሳ! ስድስት ቃሪያ አንሥተንልሻል፤ አሥራ አምስት ብር አምጪ!»

ነፊሳም ሚዛኗን ሳታስቀምጥ አወጀች፦ «እኔ ቃሪያ ሸጬ አላውቅም፤ ምርቃት ነው! ዝም ብሎ ለከፈለ አንድ ጣል አደርጋለሁ። መቅደስ ግን ተከራክራ ከሁለት መቶው ላይ አሥር አስቀነሰች፣ ምርቃቱንም ራሷ ዘግና ሄደች። የተታለለ ካለ እኔ ነኝ! ለአቶ አወቀ ከዛሬ ጀምሮ ኪሎው መቶ ሃያ፤ ምርቃትም የለም!»

ሀይደር ሱሪውን ሁለቴ አራገፈው፤ እኩልታው ብን ብሎ ጠፋ።

መቅደስም በዘጠና አምስት ሒሳብ አስመዝና፣ ስምንት ቃሪያ ዘግና፣ ዘንቢሉን ለባለቤቷ አስረከበች።

ቃሪያን ከዜሮ በታች ያወረደ ከእርሱ በፊት አልነበረም፣ ከእርሱም በኋላ አይነሣም። የሞዓ ዚፕ ክብሩ ከፍ ይበል፤ ዘንቢሉም ከፍ ይበል፣ መሬት እንዳይጎተት መቅደስ አዝዛለችና።