«ለእናትህ እኔው እነግራታለሁ»

አዲስ አበባ ለዘንጊ ሰው የምትመች ከተማ ናት። መንገድ ቢጠፋችሁ ማንም «ምን ነካህ?» አይላችሁም። ትናንት የነበረ ሰፈር ዛሬ በቆርቆሮ ይታጠራል፤ ሻይ የለመዳችሁበት ቦታ ጉድጓድ ሆኖ ይቆያችኋል፤ እናንተም ጥፋቱን በከተማዋ ላይ ታላክኩና ወደ ቤታችሁ ትሄዳላችሁ። ማለቴ፣ ቤታችሁን ካገኛችሁት።

እኛም አባዬን የሸፋፈንነው በዚሁ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ካዛንቺስ ጨርቅ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። ቤታችን ፈርሶ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ፣ ኡራኤልን ለመሳለም ይወጣና መመለሻው ይጠፋዋል። «ምን ያድርግ፣ እኛስ መቼ ለመድነው?» እንላለን። እኔን በሞተ ወንድሙ ስም ይጠራኛል። «አጎቱን ስለሚመስል ነው» እንላለን። ሌላ ሲጠፋን ደግሞ «እርጅና ብቻውን አይመጣም» አለልን። እኛ ሐኪም ቤት የምንሄደው ተረቱ ሲያልቅብን ነው።

ያለቀብን፣ የድሮ ጎረቤቶቻችን አባዬን ከፈረሰው ቤታችን ፊት ለፊት የአጥር ቆርቆሮ ሲያንኳኳ አግኝተው ያመጡት ቀን ነው። «ለምን አትከፍቱልኝም?» እያለ ይቆጣ ነበር አሉን።

ስታዲየም አካባቢ ወደሚሠራ የነርቭ ሐኪም ወሰድኩት። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ትሁት።

«አባባ፣ አሁን ያለነው የት እንደሆነ ያውቃሉ?»

አባዬ ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። «ሐኪም ሆነህ ያለህበትን አታውቅም?» አለው።

ሳቅን። ሐኪሙ ግን ሳቁን ቶሎ ጨረሰ። ሌላም ሌላም ጠየቀ፤ የጭንቅላት ምርመራውን ውጤት አገላብጦ አየ፤ በመጨረሻ አባዬን ኮሪደር ላይ አስቀምጦ «አልዛይመር ነው» አለኝ። «መድኃኒቱ ትንሽ ያዘገየው ይሆናል እንጂ አያድነውም።» እስከዚያ ቀን ድረስ የፈረንጅ በሽታ ይመስለኝ ነበር።

ታክሲ ውስጥ አባዬ «ምን አለህ?» አለኝ።

«ድካም ነው አለ።»

«አትዋሸኝ። እኔ ገዢና ዋጋ ጠያቂን ከፊቱ ስለይ የኖርኩ ሰው ነኝ።»

ነገርኩት። በመስኮቱ የሚያልፈውን ሕንፃ ሁሉ አንድ በአንድ አየ። በኋላ ጉልበቴን ያዝ አድርጎ፣ «ለእናትህ እንዳትነግራት። እኔው እነግራታለሁ» አለ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እንደሚረሳው አውቃለሁ። ግን የአባት አደራ ነው፤ አፌን ዘጋሁ። ሳምንታት አለፉ። እናቴ ምንም አልጠየቀችኝም። ሸሚዙን ገልብጦ ሲለብስ እየሳቀች ታስተካክልለታለች። ምስኪን፣ ምንም አታውቅም እያልኩ ብቻዬን ተሸክሜው ዞርኩ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ስገባ አባዬ ተኝቷል፤ እናቴ ሳሎን ብቻዋን ታለቅሳለች። ከዚህ በላይ አልቻልኩም።

«እማዬ፣ ሐኪሙ ያለውን ልንገርሽ…»

«አውቃለሁ» አለች። «የዚያኑ ዕለት ነግሮኛል። በማግስቱም። ማታ ማታ፣ ልንተኛ ስንል እጄን ይይዝና ‹አንድ ነገር ልነግርሽ ነው፤ እንዳትደነግጪ› ይለኛል።»

«አንቺስ?»

«እደነግጥለታለኋ! አብረን እናለቅሳለን። ‹አለሁልህ› ስለው እንቅልፍ ይወስደዋል።»

አንድን መርዶ ማታ ማታ እንደ አዲስ ስትረዳ የከረመችው እሷ ናት፤ እኔ ደግሞ የተሸከምኩላት መስሎኝ።

«ታዲያ ዛሬ ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«ትናንት ማታ ሳይነግረኝ ተኛ።»