ቀድማ የገባችው ቀይ ዶሮ

ቀድሞ የገባ ሰው አዲስ መጪን ሲያንገላታ አላያችሁም? እኔ የመሥሪያ ቤት አመል ብቻ ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ከአርብ ገበያ እናት ዶሮ ከነጫጩቶቿ ገዛሁ። ጎረቤቴ እትዬ ዘነቡ «ግቢውን እስክትለምድ እግሯን እሰራት» አሉኝ፤ አሰርኋት። ገብስ ስበትን ነባሮቹ ዶሮዎች የጫጩቶቹን አናት ይነቁሩ ጀመር። እናት ትዘላለች፤ ገመዱ ይመልሳታል። ሮጬ ስደርስ ሁለቱ ሞተዋል።

«ምነው እትዬ፣ እሰራት አሉኝ እኮ!»

«ጫጩቶቹን ሜዳ ላይ በትናቸው አልሁህ? ቅርጫት አትደፋባቸውም?»

ከሁሉ የከፋችው ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ቀይዋ። አምና በዚሁ ገመድ ታስራ፣ ሌሎቹ ሲነቁሯት አልጋዬ ሥር የደበቅኋት። የገመዱ ጠባሳ ዛሬም እግሯ ላይ አለ። ይህቺ ልጆቿ የሞቱባትም ነገ ትፈታለች፤ እኔ የምፈራው ከእሷ በኋላ ለምትመጣው ነው።